ወንዝን በኢምፕሬሽኒስቶች ብሩሽ መሳል፦ ከገብስማ ሸራ እስከ መጨረሻው ጭረት

በፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ ቁመቱ 48፣ ወርዱ 75 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል አለ። ኢምፕሬሽኒስት ከተባሉት፣ ማለትም ደጅ ወጥተው የቅጽበቱን ብርሃን በሚታይ የብሩሽ ጭረት ከሳሉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ሠዓሊዎች አንዱ የሆነው ክሎድ ሞኔ በ1872 ገደማ በሴን ወንዝ ዳር በምትገኘው አርዣንተይ የሳለው የጀልባዎች ውድድር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስድስት እርምጃ ያህል ርቀው ሲቆሙ ነፋስ የነካው ውሃ፣ ነጫጭ ሸራ የዘረጉ ጀልባዎች፣ ከማዶ ቀይ ጣሪያ ያለው ቤት ያያሉ። ቀረብ ሲሉ ግን ውሃው ይጠፋል። የሚቀረው እንደ ነጠላ ጥለት በአግድም የተደረደረ ቀለም ነው፦ ብርቱካናማ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሥሩ እንደገና ብርቱካናማ፤ ጎኑ ላይ የቅቤ መልክ ያለው ነጭ፣ ከዚያ ወፍራም አረንጓዴ። አንዱ ከሌላው ጋር አልተለሰነም። የብሩሹ ጸጉር የሄደበት መስመር ሁሉ ይቆጠራል።

ይህን ሥዕል ለዓመታት የማውቀው በመጽሐፍ ታትሞ ነበር። በታተመው ላይ ውሃው ለስላሳ ይመስላል፤ እኔም ለስላሳ ለማድረግ ስደክም ኖርኩ። ዋናውን ባየሁ ዕለት ያን ሁሉ ጊዜ ያባከንኩት በማለስለስ እንደነበር ገባኝ።

ወንዝ የሚስሉ ብዙ ሰዎች «የውሃ ቀለም» ፍለጋ ይደክማሉ። ሰማያዊ ይጨምራሉ፣ አረንጓዴ ይጨምራሉ፣ ሥዕሉ ግን ውሃ አይሆንም። ውሃን ውሃ የሚያስመስለው ብሩሹ የተኛበት አቅጣጫና በጭረቶቹ መካከል የቀረው ክፍተት ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው 40 በ50 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሸራ ላይ በሁለት ጠዋት የሚያልቅ አሠራር ነው፤ አስተማሪያችንም ያ የአርዣንተይ ሥዕል ይሆናል። አማርኛችን የሚሳልበትንም ነፋስ የሚገፋውንም «ሸራ» ስለሚል፣ ሁለተኛውን ሁልጊዜ «የጀልባ ሸራ» እለዋለሁ።

1. ዕቃውን ማሰናዳት

ነጭ ሸራ ላይ አይጀምሩ። በነጭ ላይ ያረፈ ማንኛውም ቀለም ከእውነቱ የጠቆረ ይመስላል፤ ስለዚህ ሳይታወቅዎ ሁሉንም ነገር ያነጡታል። በአካዳሚ የሰለጠኑ የቀደሙ ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ ጠቆር ያለ ቡናማ መሠረት ይቀቡ ነበር፤ ኢምፕሬሽኒስቶቹ ወደ ፈዛዛ ግራጫና ወደ ክሬም መልክ አዘነበሉ። እኛ ገብስማ የምንለው መልክ ለዚህ ሥራ ልክ ነው። ነጭ አክሪሊክ፣ ጥቂት ኦከር (ቢጫማ የአፈር ቀለም)፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር አዋሕደው ከአንድ ቀን በፊት በሰፊ ብሩሽ ይቀቡት። ይህ ገብስማ በኋላ በጭረቶቹ መካከል ብቅ እያለ ሥዕሉን ያስተሳስራል።

ሞኔ በ1905 በጻፈው ደብዳቤ የሚጠቀምባቸውን ቀለሞች ሲቆጥር ስድስት ላይ ያቆማል፦ ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራው ነጭ፣ ካድሚየም ቢጫ፣ ቨርሚሊየን ቀይ፣ ጥልቅ ማደር (ጠቆር ያለ ቀይ)፣ ኮባልት ሰማያዊ እና ዛሬ ቪሪዲያን የሚባለው አረንጓዴ። ጥቁር የለም፤ ቡናማም የለም። የእርሳሱ ነጭና ከሜርኩሪ የሚሠራው ቨርሚሊየን መርዛማ ስለሆኑ በቲታኒየም ነጭና በካድሚየም ቀይ ይተኳቸው፤ በማደር ፈንታ አሊዛሪን ይሆናል። ኮባልት ከተወደደብዎ አልትራማሪን ያገለግላል፤ ብቻ ወደ ወይን ጠጅ ትንሽ ስለሚያዘነብል ሰማይ ሲቀቡ የቪሪዲያን ጠብታ ይጨምሩበት። ለመሠረቱ የገዙትን ጥቁር ቀለም ቤት ይተዉት። ወንዝ ዳር ከያዙት እጅዎ ወደ እሱ መሄዱ አይቀርም።

ብሩሽ ሦስት ይበቃል፤ ሦስቱም ጠፍጣፋ፣ የአሳማ ጸጉር ያላቸው፣ ወርዳቸው 6፣ 12 እና 20 ሚሊ ሜትር ገደማ። ክብ ብሩሽ መስመር ይጽፋል፤ ጠፍጣፋው ደግሞ አንዲት ቁራጭ ቀለም አስቀምጦ ይነሳል። ይህ ዓይነቱ ብሩሽ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጸጉሩን ጨምድዶ የሚይዝ የብረት ቀለበት ከመጣ በኋላ ነው። በ1841 ደግሞ ጆን ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ የሚጨመቅ የቆርቆሮ ቱቦ አስመዘገበ። ከዚያ በፊት ቀለም የሚያዘው በአሳማ ፊኛ ውስጥ ተቋጥሮ ነበርና፣ ፊኛው በመንገድ ሲፈነዳ የሠዓሊውን ልብስ አስቡት። የኢምፕሬሽኒስቶቹ ወንዝ ዳር መዋል ግማሹ የሐሳብ ጉዳይ ነው፤ ግማሹ የዕቃ ነው።

ለማቅጠን አኳራጅ፣ ለማለስለስ ለሠዓሊ የተጣራ የተልባ ዘይት ይያዙ። ከወጥ ቤት የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ማምጣት የሚያጓጓ ቁጠባ ነው፤ ነገር ግን እንደ ተልባ በደንብ ስለማይደርቅ ሥዕሉ ለብዙ ጊዜ ሲጣበቅ ይኖራል። ያረጁ የጥጥ ጨርቆችን በብዛት ይያዙ። ለዚህ ሥራ ጨርቅ ከብሩሽ እኩል ነው።

2. ቦታና ሰዓት

ወንዝ ያለ ዝቅተኛ ፀሐይ ብርሃኑን አይሰጥም። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ የዛፉና የቤቱ አንድ ጎን ይሞቃል፣ ሌላው ጎን ይቀዘቅዛል፤ ውሃውም ይህን ልዩነት ይቀበላል። ሞኔ ከ1896 እስከ 1897 የሴንን ጠዋቶች ተከታታይ ሥዕሎች ሲሠራ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ይነሳ ነበር።

በኢትዮጵያ የሚስል ሰው ከሞኔ ይልቅ መቸኮል አለበት። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመስከረም፣ በባሕር ዳር ፀሐይ ከአድማስ ተነስታ 20 ዲግሪ ከፍታ ለመድረስ አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። በዚያው ቀን በፓሪስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅባታል፤ እኛ ዘንድ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ እዚያ ጎኗን ሰጥታ እያዘገመች። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ የሸራው ማቆሚያ ተተክሎ፣ ቀለሙ ተጨምቆ፣ ዓይንዎ ወንዙ ላይ መሆን አለበት። 2 ሰዓት ሲሞላ ዕቃዎን ይሰብስቡ። አውሮፓ ያለ አንባቢ በዚህ ረገድ የታደለ ነው፦ በታኅሣሥ ፓሪስ ላይ ፀሐይዋ በእኩለ ቀን እንኳ ከ18 ዲግሪ አትዘልም፤ ብርዱን ለቻለ ቀኑን ሙሉ የሚሳል ብርሃን አለ።

ይህን የተማርኩት በውርደት ነው። አንድ ቀን አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነበረች። የዛፎቹ ጥላ ከግንዳቸው ሥር ተሸጉጧል፣ ውሃው ደግሞ አንድ ወጥ ነጭ ሆኖ ያንጸባርቃል። እኔም ብሩሹን ወዲያና ወዲህ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እያልኩ አረንጓዴና ግራጫ ሞላሁበት። ታንኳ የሚቀዝፉ አንድ አባት ወደ ዳር ቀርበው ለጥቂት ጊዜ ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ይህ ማሳ ነው?» አሉኝ። ማሳ ነበር። ቀጥ ብለው የቆሙት ጭረቶቼ ገና ያልታጨደ ጤፍ ሆነዋል።

ቦታ ሲመርጡ ከማዶ አንድ ሞቃት ነገር ይኑር፤ የዛገ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ቀይ አፈር የታየበት ገደል፣ ቢጫ ጀልባ። ወንዙ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ከሆነ ጨዋታው ይከብዳል።

3. ብሩሽ ሳይነካ የሚሠራው ሥራ

የመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች የዓይን ናቸው። ሞኔ ለአሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሊላ ካቦት ፔሪ የሰጣት ምክር ይህ ነበር፦ ከፊትሽ ያለው ዛፍ ይሁን ቤት ወይም ሜዳ እርሺው፤ እዚህ ትንሽ ሰማያዊ አራት ማዕዘን፣ እዚያ ረዘም ያለ ሮዝ፣ እዚያ የቢጫ ሰንበር አለ ብለሽ ተመልከቺ። ይህን ለማድረግ ቀላሉ ዘዴ ዓይንን በሽፋሽፍት መካከል ማጥበብ ነው። ዝርዝሩ ይጠፋና የጨለማና የብርሃን ጎራዎች ብቻ ይቀራሉ። እነዚያን በእርሳስ፣ የክብሪት ቀፎ በምታክል ወረቀት ላይ፣ ነጭ፣ መካከለኛና ጥቁር አድርገው ይከፋፍሏቸው። በዚህች ወረቀት ላይ ያልሠራ አቀማመጥ በትልቁ ሸራ ላይም አይሠራም።

ውሃን በተመለከተ ደግሞ ቆም ብለው የሚያረጋግጧቸው ነገሮች አሉ።

ጥላና የውሃ ላይ ምስል የተለያዩ ናቸው። ጥላ ፀሐይዋን ሸሽቶ ይሄዳል። ምስል ግን ፀሐይዋ የትም ትሁን ከነገሩ ሥር በቀጥታ ወደ እርስዎ ይወርዳል። ዛፉ ወደ ግራ ካዘነበለ ምስሉም ወደ ግራ ያዘነብላል። ብዙ ሥዕል የሚበላሸው የዛፉ ምስል እንደ ጥላ ጠመም ብሎ ሲሳል ነው።

ውሃ የሚቀበለውን ነገር ወደ መካከል ይስበዋል። ነጭ የጀልባ ሸራ በውሃው ላይ ትንሽ ይጠቁራል፤ ጥቁር ዛፍ ትንሽ ይፈዝዛል። ልዩነቱ አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ ግን ይህ ደረጃ ከሌለ ተመልካቹ የትኛው እውነተኛ የትኛው ምስል እንደሆነ ይምታታበታል።

ምስሉ የነገሩ ግልባጭም አይደለም። ውሃው የሚያየው ከታች ነው። ድልድይ ላይ ቢሆን እርስዎ ካሉበት የማይታየው የቅስቱ ሆድ በውሃው ላይ ይታያል።

እግርዎ ሥር ያለው ውሃና ማዶ ያለው ውሃ አንድ አይደሉም። ወደ ቅርቡ ቁልቁል ስለሚያዩ የውሃውን የራሱን ቀለምና ከበላይዎ ያለውን ጥልቅ ሰማይ ያገኛሉ፤ ሩቁን በዝቅታ ስለሚያዩት ማዶውንና የአድማሱን ፈዛዛ ሰማይ እንደ መስታወት ይመልስልዎታል። ስለዚህ ወንዙ ወደ እርስዎ ሲመጣ በአብዛኛው እየጠቆረ ይመጣል።

4. ንድፍና የመጀመሪያው ስስ ሽፋን

ንድፉን በእርሳስ አያድርጉ። ሰማያዊውን ከትንሽ አሊዛሪን ጋር በአኳራጅ አቅጥነው በትንሿ ብሩሽ የዳርቻውን መስመር፣ የዛፎቹን ጎራ፣ የጣሪያውን ቦታ ይጠቁሙ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። የማዶው የውሃ ዳር ፍጹም አግድም ይሁን፤ ትንሽ ከዘመመ ወንዙ ከሸራው ላይ ይፈሳል።

ከዚያ በዚያው ቀጭን ቀለም ጥላዎቹን ብቻ ይሙሉ። ለምን ጥላ ቀደመ? ፀሐይዋ ስትንቀሳቀስ መጀመሪያ የሚሸሸው የጥላው ቅርጽ ስለሆነ ነው። አንዴ ከተከሉት በኋላ አይከተሉት። 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ያለውን ጥላ በ12 ሰዓት ተኩል ሥዕል ላይ የሚጨምር ሰው ሁለት ፀሐይ ያለው አገር ይስላል።

ጥላውን በምን ቀለም? ጠዋት ብርሃኑ ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ሲሞቅ ጥላው ከሰማይ የሚያገኘው ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ስለዚህ ወደ ሰማያዊና ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ጥቁሩን ቤት ያስቀረንበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። ቪሪዲያንና አሊዛሪን ሲቀላቀሉ ከጥቁር የማይተናነስ ጥልቅ ቀለም ይሰጣሉ፤ ሰማያዊ ሲጨመር ቀዝቃዛ፣ ቀይ ሲበዛ ሞቃት ይሆናል።

5. ውሃው

እዚህ ላይ እንቆይ።

መጀመሪያ የሰማዩን መልስ ያስቀምጡ። ኮባልት፣ ነጭ፣ የቪሪዲያን ጠብታ፤ በማዶው በኩል ነጩ ይብዛ፣ ወደ እርስዎ ሲመጣ ይቀንስ። በ20 ሚሊ ሜትሩ ብሩሽ፣ ሁሉም አግድም። ሸራውን አይድፈኑት፤ ከአስር እጅ ሦስቱ ገብስማ ሆኖ ይቅር። ቀጥሎ ጥቁር ምስሎች፣ ማለትም የዛፎቹ። ውሃው የተኛ ከሆነ አጫጭር ጭረቶችን ወደ ታች ይጎትቱና በጥቂት አግድም ጭረቶች ይቁረጧቸው። ነፋስ ከነካው ግን ወደ ታች የሚሄድ ጭረት አይኑር፤ አግድም ብቻ።

አሁን ጣሪያው። የካድሚየም ቀይ አንድ እጅ፣ ካድሚየም ቢጫ ግማሽ፣ ነጭ እንደ ብርሃኑ። ጣሪያው ላይ ይህን ራሱን ያስቀምጡ። ለውሃው ከዚሁ ክምር ቆርሰው ከሰማዩ ሰማያዊ ጥቂት ያግቡበት፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል።

አንዱን ጭረት ቀስ ብለን እንሥራው። የ12 ሚሊ ሜትሩን ብሩሽ ጠርገው ያድርቁ። በቀለሙ ክምር ላይ አንድ ጊዜ ይጎትቱት፤ ቀለሙ በብሩሹ አንድ ፊት ላይ ብቻ እንደ ቅቤ ይቀመጥ። እጀታውን ከጭራው ይያዙ። ጣቶችዎ ይረፉ፤ የሚሄደው ክንድዎ ነው። ብሩሹን ከሸራው ጋር ሊተኛ ምንም ሳይቀረው አስጠግተው፣ ቀለም ያለበትን ፊት ወደ ሸራው አድርገው፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል በአግድም ይጎትቱ፤ ያንሱ። ሲጀምር ወፍራም ጠርዝ፣ ሲያልቅ የተሰነጣጠቀ ጭራ ይተዋል፤ በጭራው ስንጥቅ ሥር ያለው ሰማያዊ ይታያል። ያ ስንጥቅ የውሃው እንቅስቃሴ ነው። አይሙሉት። ብሩሹን በጨርቅ ይጥረጉና ለሚቀጥለው እንደገና ቀለም ያንሱ። ሳይጠርጉ ከሄዱ ሦስተኛው ጭረት ላይ ብርቱካናማው ከሥሩ ያለውን ሰማያዊ እየለቀመ ጭቃ ይሆናል።

እንጀራ ሲጋገር የታዘበ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። ሊጡ ከዳር ወደ መሐል ተዙሮ ምጣዱ ላይ ካረፈ በኋላ በእጅ የሚነካካው ቢኖር ዓይኑ ይጠፋል። ወፍራም ጭረትም እንዲሁ ነው፤ ሕይወቱ ባረፈበት ቅጽበት ያለ ነው።

የመጀመሪያው ጭረት ከዳርቻው ሥር ተጣብቆ ይረፍ። ሁለተኛው በጠባብ ክፍተት፣ በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ሸሸት ብሎ። ሦስተኛው ወደ ቀኝ። ወደ እርስዎ በመጡ ቁጥር ጭረቱ ይርዘም፣ ይስፋ፣ ክፍተቱም ይስፋ፤ የቅርቡ ሞገድ ለዓይን ትልቅ ስለሆነ ነው። ሰባት ስምንት ላይ ያቁሙ። ክፍተቶቹ እኩል ከሆኑ መሰላል ይሆንብዎታል፤ ይህ በተማሪዎች ሥራ ላይ ከማየው ስህተት ሁሉ የበዛው ነው።

ብርቱካናማው በሰማያዊው መካከል ለምን እንዲህ ይጮኻል? ሚሼል ኤዠን ሼቭረል የተባለ ኬሚስት በፓሪስ ጎብላን የምንጣፍ ማምረቻ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። በ1839 ባሳተመው ጥናት ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለሞች አንዱ የሌላውን መልክ እንደሚቀይሩ አሳየ፤ ተቃራኒዎቹ፣ ማለትም ብርቱካናማና ሰማያዊ፣ ቀይና አረንጓዴ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ፣ ሲጎራበቱ እርስ በርስ ይደማመቃሉ። እነዚያው ሁለቱ ፓሌት (የቀለም መቀላቀያ ሰሌዳ) ላይ ቢቀላቀሉ ግን ይገዳደሉና ግራጫ ይወጣል። ጭረቶቹን የማንለስነው ለጌጥ አይደለም ማለት ነው፤ ከለሰንናቸው ያ ሁሉ ድምቀት ወደ ዓመድ ይለወጣል። ልስን ያለ ግራጫ ሲያስፈልግዎ ደግሞ፣ ለምሳሌ ለጀልባው ሆድ ጥላ፣ ይኸው ቅልቅል ነፃ ስጦታ ነው።

የብሩሽ አጣጣል የሠዓሊውን ልብ እንደሚያሳብቅ ማየት የሚሻ ሰው በ1869፣ በአውሮፓውያኑ የሙቀት ወራት፣ ሞኔና ሌላው ኢምፕሬሽኒስት ሬኖር ላ ግረኑዬር በተባለው የሴን መዋኛ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሳሏቸውን ሁለት ሥዕሎች ያስተያይ። የሞኔው ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው፤ የሬኖር ስቶክሆልም ብሔራዊ ሙዚየም። ቦታው አንድ፣ ቀኖቹ አንድ። የሬኖር ብሩሽ ላባ ነው፤ ሰዎቹን፣ ልብሳቸውን ይዳስሳል፣ ውሃው ለእሱ አጀብ ነው። ሞኔ ሰዎቹን በሁለት ሦስት ጠብታ አልፏቸው ውሃው ላይ ይወርዳል፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ ፈዛዛ ቢጫ፣ ሁሉም አጫጭር አግድም ጡቦች። ሞኔ ራሱ በዚያው መስከረም ለጓደኛው ለባዚል ሲጽፍ እነዚህን ሙከራዎች መጥፎ ንድፎች ብሏቸዋል። የእኔ ፍርድ ከእሱ ጋር አይስማማም፤ ሦስት ዓመት ቆይቶ አርዣንተይ ላይ የሠራው የተወለደው ከእነዚያ ጡቦች ነው።

ወንዝዎ ቡናማ ከሆነስ? የክረምት አባይ ወይም አዋሽ ሰማያዊ የለውም። እዚህ ላይ የሚመራዎት ሌላው ኢምፕሬሽኒስት አልፍሬድ ሲስሌ ነው። በ1876 ሴን ሞልቶ ፖር ማርሊን ሲያጥለቀልቅ የጎርፉን ውሃ ደጋግሞ ስሏል። ደፍራሽ ውሃም ሰማዩን ይመልሳል፤ ብቻ የራሱን አፈር ይጨምርበታል። በሰማያዊው መሠረት ፈንታ ከብርቱካናማና ከሰማያዊ የወጣ ሞቃት ግራጫ ያስቀምጡ፤ የሰማይ ጭረቶችን በላዩ ላይ ሳሳ አድርገው ያሳልፉ። ደፍራሽ ውሃ ጠቃሚ ጠባይ አለው፦ በጠራ ውሃ ላይ ብዙም የማይታየው የዛፍ ጥላ እሱ ላይ እንደ መሬት ያርፋል። ስለዚህ ጥላውንም ምስሉንም፣ ሁለቱን በየአቅጣጫቸው፣ መሳል ይኖርብዎታል።

6. ሰማይ፣ ዛፍ፣ ቤት

ውሃው አግድም እንዲመስል ሌላው ነገር አግድም መሆን የለበትም። ሰማዩን በሰያፍ፣ በሰፊው ብሩሽ፣ በስሱ። ዛፎቹን በነጠብጣብ፤ የብሩሹን ጫፍ እየጫኑ፣ ቅርንጫፉ ወደሚያድግበት አቅጣጫ። ቅጠል አይቁጠሩ፤ ብርሃን የነካውን ጎን በቢጫና በቪሪዲያን፣ ሌላውን በሰማያዊና በአሊዛሪን። ቤቱ ላይ ቀጥ ያለ፣ የማያወላውል ጭረት፤ ግድግዳ አይንቀጠቀጥም። የሰማዩን ቀለም ከጨረሱ በኋላ ብሩሹ ላይ የቀረችውን በዛፎቹ መካከል ሁለት ሦስት ቦታ ያስገቡ፤ ወፍ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይሆናል።

7. ነጩ

የጀልባ ሸራ ነጭ ነው ብለው ነጭ ከቱቦ አይጭመቁ። ጠዋት ፀሐይ የነካው ጎን ቢጫ ያለበት ክሬም ነው፤ ጥላው ጎን ፈዛዛ ወይን ጠጅ። ንጹሑን ነጭ እስከ መጨረሻው ይቆልፉበት፤ በጠቅላላው ሥዕል ላይ አምስት ስድስት ጭረት ብቻ ይገባዋል። እነሱንም በጣም ወፍራም አድርገው ያስቀምጡ። ወፍራም ቀለም ራሱ የክፍሉን ብርሃን ይይዛል፣ ጠርዙም ጥቃቅን ጥላ ይጥላል፤ ስስ ነጭ ይህን አይችልም። ብልጭታ የሚያርፈው ሞገዱ ፀሐይዋን በሚመልስበት ቦታ፣ ማለትም ከፀሐይዋ ሥር ወደ እርስዎ በሚመጣው መንገድ ላይ ብቻ ነው። ወንዙን ሁሉ የሚያጥለቀልቅ ብልጭታ የፋሲካ መብራት ይሆናል።

8. ሁለተኛው ጠዋት

በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ይመለሱ። ደመና ከሆነ ሌላ ሸራ ይጀምሩ እንጂ ይህን አይንኩት። በ1897 ሞኔን የጎበኘ ጋዜጠኛ በአንድ ጊዜ የተጀመሩ 14 ሸራዎች ማየቱን ጽፏል፤ ብርሃኑ ሲለወጥ አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይቀመጣል። በ1891 የኤፕት ወንዝ ዳር ረጃጅም ዛፎችን ሲስል፣ ለፔሪ እንደነገራት፣ አንዱን ብርሃን የሚያገኘው ለሰባት ደቂቃ ብቻ ነበር። ዛፎቹ ሊቆረጡ ተሽጠው ስለነበር ሥዕሉ እስኪያልቅ እንዲቆዩለት ለእንጨት ነጋዴው ገንዘብ ከፍሏል። እኛ ሁለት ሸራ ብንይዝ ይበቃናል፤ አንዱ ለጠራ ጠዋት፣ አንዱ ለደመና።

በዚህ ቀን የሚሠራው ጥቂት ነው። የተሳሳተ ጭረት ካለ በላዩ ላይ አይቀቡ፤ በቢላዋ እስከ ገብስማው ይፋቁትና አንድ አዲስ ጭረት ያስቀምጡ። በላዩ ላይ የተደረበ እርጥብ ቀለም ከሥር ያለውን ያነሳዋል፤ ሦስት ጊዜ «ያስተካከሉት» ቦታ ወንዙ ላይ የቆመ ጭቃ ሆኖ ይታያል።

ማለቁን ለማወቅ ሸራውን ገልብጠው ስድስት እርምጃ ይራቁ። ላይና ታቹ ተመሳሳይ ከሆነ ምስሉን ከነገሩ እኩል አድምቀውታል ማለት ነው፤ ብሩሹን በሰማዩ ሰማያዊ ጥቂት ነክተው በምስሉ ላይ ሦስት ወይም አራት ረጃጅም አግድም ጭረቶች ያሳልፉ። ከዚያ ይተዉት።

ወፍራሞቹ ቦታዎች ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃሉ፤ ቫርኒሽ ከስድስት ወር በፊት አይቀቡ። እርጥቡን ሸራ ወደ ቤት ለመውሰድ አራት የጠርሙስ ቡሽ በአራቱ ማዕዘን ላይ አድርገው ሌላ ባዶ ሸራ ፊት ለፊት ይሰሩበት፤ ቡሾቹ ሁለቱን ያራርቋቸዋል። እኔ ያለ ቡሽ በባጃጅ ይዤ የሄድኩት አንድ ሥዕል አለኝ፤ በቀኝ በኩል ከታች፣ ከጣሪያው ምስል አጠገብ፣ የሹራቤ ክንድ ያስቀመጠው አንድ ረጅም አግድም ጭረት ይታይበታል፤ ከእኔዎቹ ብዙ አይለይም።